እዚያ ቤት ስትሆን ደህና ናት

ሰው ቅናቱን አይናገርም። ድህነቱን ይናገራል፣ ሕመሙን ይናገራል፣ ከትዳሩ የተጣላበትን ቀን ሳይቀር ለጎረቤት ያወራል፤ ቅናቱን ግን ሌላ ስም ያወጣለታል። እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ «ለልጄ አስቤ ነው» ስለው ኖሬያለሁ። አሁን በስሙ ልጥራው፤ ቀንቼ ነበር። የቀናሁት ደግሞ በባሌ አይደለም። አዳነ ሲለየኝ አልቅሼ ወጥቶልኛል። የቀናሁት ልጄ አዲሷ ሚስቱ ቤት ስትሆን ስለማታስል ነው።

ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ እማማ ዘውዴ ከሚባሉ አሮጊት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ከሰባት ዓመት ልጄ ከብርቱካን ጋር እኖር ነበር። ሥራዬ መምህርነት ነው። ለሦስተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትታዘቡኛላችሁ።

አዳነ አናጺ ነው። ከተፋታን በኋላ ወደ ገሳይ ሄዶ እናኑ የምትባል ሴት አገባ። ገሳይ በነፋስ መውጫ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በሚኒባስ ሩቅ አይደለችም። በሽማግሌ ፊት በተስማማነው መሠረት ብርቱካን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜና እሁድን፣ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ረዘም ላሉ ቀናት አባቷ ዘንድ ትቆያለች።

እኔ ጋ ስትሆን ታስላለች። በተለይ ሌሊት ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ጠዋት ዓይኗ አብጦ ትነሳለች። ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፣ ሽሮፕ ይሰጠናል፣ እንመለሳለን። ገሳይ በሄደች በሁለተኛው ቀን ግን ሳሉ ይተዋታል። እሁድ ስትመለስ ጉንጯ ሞልቶ፣ ከሚኒባሱ ዘላ ወርዳ፣ ዳገቱን ቀድማኝ ትወጣለች። ማክሰኞ ሳሉ እንደገና ይጀምራታል።

ጎረቤቱ ሁሉ ዓይን አለው። «ኧረ ይህቺ ልጅ ገሳይ ትስማማታለች» ይሉኛል፣ ደግ የተናገሩ መስሏቸው። እኔ ስቄ እገባና ድስት አንስቼ እወረውራለሁ። ተውኩት፣ አልወረወርኩም፤ መወርወር ግን አምሮኝ ነበር።

የማደርገው ሌላ ነገር ነበር። ብርቱካን በተመለሰች ቁጥር ጉልበቴ መሃል አስቀምጬ ፀጉሯን እሠራለሁ። ሹሩባ የምትሠራ ልጅ መሸሻ የላትም። እያጠበቅሁ እጠይቃታለሁ።

«የት ነው የተኛሽው?»

«ከመስኮቱ ሥር።»

«መስኮቱ አይዘጋም?»

«ሲመሽ ይዘጋል። ጠዋት ጠዋት እታለም ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች።»

«እታለም ማን ናት?»

«እናኑ።»

«እታለም ያላት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለችኝ።

ሚዶው ከእጄ ወደቀ። እኔን «እማ» ብቻ ነው የምትለኝ፤ «እማ»ን ደግሞ ሁሉም ልጅ ይላል። ለእሷ ግን ስም ፈልጋ አወጣችላት።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የእናኑን ቤት አንድም ቀን ሳልረግጠው ከዳር እስከ ዳር አወቅሁት። ማድ ቤቱ ከመኖሪያው ተለይቶ ጓሮ ነው። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ እሱንም እናኑ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ግድግዳው ነጭ ነው፣ አዳነ በኖራ ቀብቶታል። ይህን ሁሉ ሰምቼ የምይዘው አንድ ጉድለት ለማግኘት ነበር። አንድ ቀን አገኘሁ።

«እማ፣ እታለም ቤት እኮ ጠዋት ብርድ ብርድ ይላል።»

እልል ማለት ነበር የቀረኝ። እናኑ ቤት ይበርዳል! እንግዲያው እኔ አሞቃታለሁ። የደብረ ታቦርን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ደመናው ከጣራ በታች የሚወርድ ነው የሚመስለው። የመስኮቴን ስንጥቅ በላስቲክና በአሮጌ ጨርቅ ወተፍኩት። ከደጅ የነበረውን የከሰል ማንደጃ አስገብቼ ከአልጋዋ እግር ሥር አኖርኩት። እናኑ ብርድ ልብስ ካለበሰቻት እኔ ደግሞ ከእብናት በመጣ ነጋዴ እጅ ወፍራም የበግ አጎዛ ገዝቼ አነጠፍኩላት። ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው እየረጠበ ጥቁር ሻጋታ ያወጣ ስለነበር እንዳይታይ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ሰቀልኩበት። እናኑ በእጇ የሠራችላትን ቀይ ሹራብ ግን ከሣጥኑ ሥር ቀበርኩት። በእሷ ሹራብ እንድትሞቅብኝ አልፈለግሁም።

ሐምሌ ላይ እናኑ ደወለችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ድምጿ ፈራ ተባ ይላል።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ብርቱካን ካንቺ ስትመጣ ደረቷ አያምርም። የአጎቴ ልጅ እንዲህ ያደርገው ነበር፤ አስም ነው ተባለ። እስቲ ደህና አድርጎ ሐኪም ይያት።»

ደሜ ፈላ። «በእኔ ዘር አስም የለም» አልኳት። «ካለም ከአባቷ ወገን ፈልጊው!»

ዘጋሁባትና ከሰሉን አራገብኩ።

ነሐሴ ገባ። ልጄ ገሳይ ነበረች። ፍልሰታን ግን እኔው ላቆርባት ስለፈለግሁ፣ ቀኗ ሳይሞላ ሰኞ ዕለት ሄጄ ከመናኸሪያው ላይ ተረከብኳት። አዳነ «ትንሽ ብትቆይ» አለ። አልሰማሁትም። ማክሰኞ ማሳል ጀመረች። ረቡዕ ምግብ ዘጋት። ሐሙስ ከቀትር በፊት ዝናቡ ሲወርድ አጎዛው ላይ ቁጭ ብላ፣ ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ እያለ፣ እንዲህ አለችኝ፦

«እማ፣ እታለም ጋ ልሂድ?»

«ለምን?»

«እዚያ አየር አለ።»

«እኔ ቤትስ ምን አለ?» ብዬ ጮህኩባት። ለሰባት ዓመት ልጅ፣ ለታመመች ልጅ፣ እንዲህ ብዬ ጮህኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጩኸቴን ሰምተው እማማ ዘውዴ ገቡ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱና አንድ ቁራጭ የቀበርቾ ሥር አሳዩኝ። ልጅ ዓይን ነካው ሲባል ከሰል ላይ አድርገን የምናጥንበት ሥር ነው።

«ልጄ፣ ይህቺ ልጅ ዓይን ነው ያገኛት» አሉኝ። «ከሄደችበት በመጣች ቁጥር ስትታመም አታይም?»

«ማን ያየብኝ ይመስልዎታል እማማ?»

«እኔ የሰው ስም አልጠራም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ብቻ ከገሳይ ነው የምትመጣ።»

መስማት የፈለግሁትን ነገሩኝ። ለካ በሽታው የእኔ ቤት አይደለም! ለካ እሷ ናት የምትልክብኝ! ደስ አለኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ልጄ እየታፈነች እኔን ደስ አለኝ።

«በሩን ዝጊው» አሉ እማማ ዘውዴ። «ጭሱ እንዳያመልጥሽ። ጋቢ ደርበሽ በደንብ አጥኛት።»

በሩን ዘጋሁ። ቀበርቾውን ፈርፈር አድርጌ ከፍሙ ላይ ጣልኩት። ነጭ ጭስ ተነሳ። ልጄን እጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ጋቢውን ከእሷም ከማንደጃውም በላይ ደረብኩት።

«ሳቢው የኔ እናት፣ በደንብ ሳቢው» እላለሁ። በሆዴ ደግሞ «ውጪ፣ ከልጄ ላይ ውጪ» እላለሁ። የማስወጣው ዓይኑን አልነበረም፣ እናኑን ነበር።

ከጋቢው ውስጥ ሳሉ በረታ። ሰውነቷ እጄ ላይ ተንፈራገጠ። «ሲለቃት ነው» አሉ እማማ ዘውዴ። ያዝኳት። ከዚያ ሳሉ ቆመ። መንፈራገጡም ቆመ።

«እሰይ! ለቀቃት!»

እኔም «ተመስገን» አልኩ። ጋቢውን ገለጥኩት።

ከንፈሯ አመድ መስሏል። አፏ ተከፍቷል፣ የሚወጣ ድምፅ ግን የለም። ያ ሲጥ ሲጥ የሚለው እንኳ ጠፍቷል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የአንገቷ ሥር ይሰረጉዳል፣ የጎን አጥንቷ በቀሚሷ ላይ ይቆጠራል። ዓይኗ ግን ያየኛል። «ብርቱዬ!» ስላት ልትመልስልኝ ሞከረች፤ ለአንዲት ቃል የሚሆን አየር አልነበራትም።

በሩን በእግሬ በርግጄ ወጣሁ። ጫማ አላደረግሁም። እማማ ዘውዴ «ኧረ በእመብርሃን! ነፋስ ይመታታል፣ ሸፍኛት!» እያሉ ጭቃው ድረስ ተከተሉኝ። አስፋልቱ ዳር አንድ ባጃጅ አገኘሁና «ሆስፒታል!» ብዬ ገባሁ። ዝናቡ በጎን ይገርፋል። እኔ፣ ያ ሁሉ ሆኖም እንኳ፣ እጄ ሄዶ የባጃጁን ሸራ ጋረደው። ነፋስ እንዳይመታት ነዋ።

ልጄ ያን የዛለ እጇን አነሳችና ሸራውን መልሳ ገለጠችው።

እንደገና ጋረድኩት። እንደገና ገለጠችው፤ ፊቷን ወደ ዝናቡ አውጥታ አፏን ከፈተች። ያኔ «እዚያ አየር አለ» ያለችኝ ትዝ አለኝ። ልጅቱ የነገረችኝ እናኑን እንደምትወድ አልነበረም። የጎደላትን ነበር የነገረችኝ። ሸራውን ሰብስቤ ያዝኩላት። እስክንደርስ ድረስ ሁለታችንም በሰበስን።

ሆስፒታል ተቀብለው አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭምብል አደረጉላት። ከውስጡ ነጭ ነገር እየተግተለተለ ሲወጣ አይቼ የነርሱን እጅ ያዝኩ። «ጭስ አይደለም እናቴ፣ የሚተነፈስ መድኃኒት ነው» አለኝ። እጁን ለቀቅሁ። ስልኬን አወጣሁና አዳነ ጋ ደወልኩ። «ልጅህ ልትሞት ነው» ብቻ ነው ያልኩት።

አንዲት ወጣት ዶክተር ደረቷን ስታዳምጥ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይህ አስም ነው። ከባድ ነበር። ዛሬ ምን ነካት? ጭስ አጠገብ ነበረች?»

«የለም» አልኩ።

«ቤት ውስጥ ከሰል ታነዳላችሁ?»

«የለም።»

«እርጥበት፣ ሻጋታ?»

«የለም፣ ቤቴ ንጹሕ ነው።»

ልብሴ ቀበርቾ ቀበርቾ እየሸተተ ነው ይህን የምላት። ዶክተሯ አየችኝና ወጣች።

ሰዓት ሳይሞላ አዳነና እናኑ ደረሱ። እናኑን ከዚያ በፊት በቅርብ አይቻት አላውቅም። ቆንጆ እንዳትሆን ስለት ነበረኝ፤ ስለቴ አልሰመረም። እጇ ላይ ሊጥ ደርቋል፣ እንደነበረች ነው የመጣች። ብርቱካን ከጭምብሉ ሥር ዓይኗን ገለጠች፣ አየቻት፣ እጇን ዘረጋችላት።

እኔ እዚያው አጠገቧ ነበርኩ። እጇ እኔን አልፎ ሄደ።

እናኑ እጁን አልተቀበለችም። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ «እናትሽን ያዢ የኔ ዓለም፣ እኔም እዚሁ ነኝ» አለቻት። ለዚህ ደግነቷ ደግሞ ጠላኋት። ክፉ ብትሆንልኝ ይቀለኝ ነበር።

ዶክተሯ መልሳ መጣች። «ለሦስታችሁም ነው የምጠይቀው» አለች። «የምልካት የሚያፍናት ነገር ወዳለበት ከሆነ ነገ ተመልሳ ትመጣለች፤ ነገ ደግሞ ላትደርስ ትችላለች። ቦታ ስትቀይር የሚሻላት ጊዜ አለ?»

አዳነ ወለሉን አየ። እናኑ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ታውቃለች። ሐምሌ ላይ ልትነግረኝ ደውላ የዘጋሁባት እሷ ናት። አሁን በሐኪም ፊት፣ በአዳነ ፊት፣ አንዲት ቃል ብትናገር ጉዴን ታወጣው ነበር። አልተናገረችም። መልሱን ለእኔ ተወችልኝ።

ጭምብሉ ውስጥ የልጄ ትንፋሽ ይሰማኛል። ምላሴን እንደ ድንጋይ አነሳሁት።

«እዚያ ቤት ስትሆን ደህና ናት» አልኩ። ጣቴን ወደ እናኑ ቀሰርኩ። «እሷ ቤት። እኔ ጋ ስትመጣ ነው የምትታመም።»

«ምንድን ነው የሚለየው? ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አልኳት፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ አልተገኘም። የእናኑ ማድ ቤት ጓሮ ነው፣ እኔ ከሰሉን ከአልጋዋ ሥር አነዳለሁ። የእናኑ መስኮት ጠዋት ይከፈታል፣ የእኔ በላስቲክ ተወትፏል። እናኑ ብርድ ልብሱን ታሰጣለች፣ እኔ ተራግፎ የማያውቅ አጎዛ አነጥፋለሁ። የእሷ ግድግዳ ኖራ ነው፣ የእኔ ካላንደሩ ሲነሳ ጥቁር ሻጋታ ነው። ዛሬ ደግሞ በር ዘግቼ በቀበርቾ አጥኛታለሁ። ሦስት ዓመት በቅናት የለቀምኩትን አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩት።

እናኑ ዓይኗ ፈጠጠ። «አንቺ፣ ቤቴ ገብተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ሹሩባ እየሠራሁ» አልኳት። አዳነ በዚያ ጭንቅ መሃል ሳቁ አመለጠው።

ዶክተሯ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። «አስም በዘርም ሊመጣ ይችላል፣ ያለ ዘርም ይመጣል» አለችኝ። «የሚቀሰቅሰው ግን አሁን የቆጠርሽልኝ ነው። ጭሱ፣ ሻጋታው፣ የአጎዛው ብናኝ። ብርድም ሊያስነሳባት ይችላል፤ ለብርዱ ግን ልብስ ደርቢላት እንጂ ወደ ጭስ አታስጠጊያት።» ከዚያ በአፏ የምትስበውን መድኃኒት አያያዝ አሳየችንና «ክፍሉ እስኪስተካከል ወደዚያ እንዳትመልሻት» አለች።

ታዲያ የት ትሂድ? ማንም አልጠየቀም። ሁላችንም እናውቃለን። «ገሳይ ትሂድ» ያልኩት እኔ ነኝ። ያችን ቃል ከተናገርኩ በኋላ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። እናኑ ተከትላኝ ወጣች።

«ወስጄ አላስቀርብሽም» አለችኝ።

«ትወድሻለች።»

«ትወደኛለች። ግን እኔስ የማልቀና መሰለሽ? አንቺ ሳሏን ነው የምታዪው። እኔ ጋ ደህና ሆና ትውልና ሲመሽ 'እማ መቼ ነው የምትወስደኝ' እያለች ነው የምታለቅስ። ሳሏ ያንቺ ቤት፣ ለቅሶዋ የኔ ቤት ነው።»

ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሹሩባ እየሠራሁ ስለ መስኮቱና ስለ ብርድ ልብሱ ስጠይቅ፣ «ናፍቄሽ ነበር ወይ» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

«ቁርባኗስ?» አልኳት እንባዬን እየጠረግሁ።

«ገሳይም ታቦት አለ። አንቺ መጥተሽ ታቆርቢያታለሽ። እኔ ነጠላዋን አጥቤ አቆይሻለሁ።»

እንዳለችውም ሆነ። ብርቱካን ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች፤ እነሱ ገሳይ ወሰዷት፣ እኔ በፍልሰታ መጨረሻ ሄጄ አቆረብኳት። እስከዚያ ክፍሌን ስፈታ ከረምኩ። ላስቲኩን ቀደድኩት። አጎዛውን አወጣሁት። ካላንደሩን አንስቼ ሻጋታውን ፈግፍጌ አስለቀቅሁት፣ አዳነ መጥቶ የሚያፈሰውን ጣራ ጠገነና በኖራ ቀባልኝ። ማንደጃውን በረንዳ ላይ አወጣሁት። እማማ ዘውዴ ከደጃቸው ቆመው ሲያዩኝ ዋሉ።

«ይህን ሁሉ ስታወጪ ዓይኑስ?» አሉኝ። «ዓይኑን ማን ሊያወጣልሽ ነው?»

«ዓይኑ የኔ ነበር እማማ» አልኳቸው። ያልሰሙ መስለው ገቡ። ይሁን እንጂ በሳምንቱ የእሳቸውም መስኮት ተከፍቶ አየሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አልፈርድባችሁም፤ መፍረድ የምችል ሴት አይደለሁም። ሦስተኛ ክፍል ቆሜ «ንጹሕ አየር ለጤና ያስፈልጋል» እያልኩ በቾክ ስጽፍ፣ ቤቴ ገብቼ የልጄን አየር በጨርቅ የወተፍኩ መምህርት ነኝ። ባለማወቅ ነው እንዳልል አውቅ ነበር። ለተማሪ ሁሉ የማውቀውን፣ እናኑ ስላደረገችው ብቻ ለልጄ ከለከልኩ። ልጃችሁ የሆነ ቦታ ሄዶ ከተሻለው፣ ማን ቤት ነው ብላችሁ አትቀየሙ። ሄዳችሁ ቤቱን እዩት። ጠይቁ። እኔ በክፋት የለቀምኩትን እናንተ በደህና ልባችሁ ልቀሙት።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ካላችሁኝ፣ አለቀቀኝም። እናኑ አሁንም እታለም ናት። አሁንም ብርቱካን ከገሳይ ስትመለስ ጉንጯን አይቼ አንድ ነገር ይወጋኛል። ግን ሹሩባ ስሠራት ሌላ ሌላውን ነው የምጠይቃት።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት ሊጀመር ሲል ተመለሰችልኝ። የመጀመሪያው ጠዋት ሳል አልሰማሁም። ተነስቼ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩትና ጀርባዬን ሰጥቼ ደጅ ደጁን ማየት ያዝኩ፤ ፈርቼ ነው። ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ብርቱካን አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ታየኛለች።

«እማ» አለችኝ፣ «ያንቺም ቤት ብርድ ብርድ ይላል። ልክ እንደ እታለም።»

ሣጥኑን ከፍቼ ከሥር ቀይ ሹራቧን አወጣሁና አለበስኳት።